የአንድ ክልል ከተሞችን በዘላቂ ልማት ለማወዳደር እገዛችሁን እሻለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ክልል 12 ከተሞችን በዘላቂ ልማት የሚያወዳድር የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጸደቁት 17 የዘላቂ ልማት ግቦች ከተሞችን የሚመለከተው 11ኛው ግብ ነው። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የወሰን ጉዳይ ነው። አንዱ ከተማ በአስተዳደር ወሰኑ ውስጥ ሰፊ የእርሻ መሬት አቅፏል፤ ሌላው ከወሰኑ አልፎ ወደ አጎራባች አስተዳደር ተስፋፍቷል። የአረንጓዴ ሽፋንን በሳተላይት ምስል ስለካ የመጀመሪያው ምንም ሳይሠራ አንደኛ ይወጣል። ይህ ፈጽሞ ፍትሐዊ አይደለም! የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 የደገፈውን የከተማና የገጠር አከፋፈል ሞከርኩ። በእርሱ መሠረት የከተማ ማዕከል የሚባለው በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 1,500፣ በድምሩም ቢያንስ 50,000 ነዋሪ ያለው ስፍራ ነው። አራቱ ትንንሽ ከተሞች ግን ወጡብኝ። እነርሱን መጣል አልፈልግም፤ ለጥናቱ ያነሳሱኝ እነርሱ ናቸውና።

ሌላው መለኪያዎቹን ወደ አንድ ውጤት ማጠቃለሉ ነው። ተራ አማካይ ስጠቀም አየሩ የተበከለ ከተማ ጉድለቱን በገቢው ይሸፍናል። አገሮችን በጤና፣ በትምህርትና በገቢ የሚያወዳድረው የሰብዓዊ ልማት አመልካች እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳደረገው ወደ ጂኦሜትሪክ አማካይ (ቁጥሮቹን አባዝቶ ሥራቸውን ወደሚወስደው) ስዞር ደግሞ፣ መለኪያዎቹን ከ0 እስከ 1 ስላስተካከልኳቸው፣ በአንዱ የመጨረሻ የሆነ ከተማ ጠቅላላ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል።

እባካችሁ፣ ትንንሾቹን ሳልጥል የትኛውን ወሰን ልያዝ? ዜሮውንስ እንዴት ላስተናግደው? ወይስ ደረጃ መስጠቱን ትቼ እያንዳንዱን መለኪያ ለየብቻ ላቅርብ?