በክረምት በኪራይ ሄሊኮፕተር ወደ ሰሜን ተራሮች መብረር ምን ያህል ያሠጋል?

ጠያቂ፦ የጎንደር አስጎብኚ

ጤና ይስጥልኝ። ከውጭ አገር የሚመጣ አንድ ቤተሰብ ለቡሄ ሰሞን ጎንደር ይደርሳል። አዛውንት እናታቸው በእግርም ሆነ በበቅሎ ረጅም መንገድ መጓዝ ስለማይችሉ፣ አዘዞ ከሚገኘው አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በኪራይ ሄሊኮፕተር ተነሥተው የሰሜን ተራሮችን ከላይ እንዲያዩ አስበዋል። የነሐሴን ጉም ስለማውቀው አሳቡ አላስደሰተኝም። በመጥፎ የአየር ጠባይ ሄሊኮፕተርን ለአደጋ የሚያጋልጠው በትክክል ምንድን ነው? ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊትስ አከራዩን ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ጡረተኛ አብራሪ

ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው መብረቅና ዐውሎ ነፋስን ነው፤ ዋናው ገዳይ ግን ያለ ድምፅ የሚመጣው ጉም ነው። አብዛኛው የግል ሄሊኮፕተር የሚበረው አብራሪው መሬቱንና አድማሱን በዐይኑ እያየ ነው። ደመና ውስጥ ሲገባ አድማሱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ሚዛናችንን የምንጠብቅበት የውስጠኛው ጆሮ ያታልለናል። ሄሊኮፕተሩ ቀስ በቀስ አጋድሎ እየዞረና እየወረደ ሳለ፣ ለአብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ወይም ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በመሣሪያ የመብረር (ውጭውን ሳያዩ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ብቻ እያነበቡ የመብረር) ልምድ የሌላቸውን 20 ሰዎች በትንሽ አውሮፕላን ላይ እይታቸውን ከልሎ ሲፈትናቸው፣ ሁሉም መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ እስከዚያ የቆዩትም በአማካይ 178 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሄሊኮፕተር ደግሞ ከአውሮፕላን ያነሰ መረጋጋት ያለው በመሆኑ ፋታ አይሰጥም።

በጥር 2012 ዓ.ም. የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ኮቢ ብራያንትንና ሌሎች ስምንት ሰዎችን ካሊፎርኒያ ውስጥ የገደለው አደጋ እንዲሁ ነው የደረሰው። አብራሪው ወደ 4,000 ጫማ እየወጣ መሆኑን ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ሲናገር፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ ኮረብታው እየወረደ ነበር። የአሜሪካ መርማሪዎች በእይታ የሚደረገውን በረራ ወደ ደመና ይዞ መቀጠሉን በምክንያትነት አስቀምጠው፣ ደንበኛውን ለማድረስ በራሱ ላይ የፈጠረውን ጫናም ጠቅሰዋል። እኔ ከሁሉ በላይ የምሠጋው ይህን ጫና ነው። ተሳፋሪው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሻንጣውን ይዞ ሲጠብቅ፣ አብራሪው «ዛሬ አይሆንም» ለማለት ይቸገራል።

መልስ፦ ተጓዥ

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ የሚያሠጋው ትናንሽ ባለ አንድ ሞተር ሄሊኮፕተሮችን ይመስለኛል። ባለ ሁለት ሞተርና ራሱን የሚያበርር መሣሪያ ያለው ሄሊኮፕተር ከተከራዩ ችግሩ አይቃለልም?

መልስ፦ ጡረተኛ አብራሪ

ሞተር ሲበላሽ ሁለተኛው ሞተር ይረዳል፤ ጉምን ግን አይገልጥም። የካሊፎርኒያው ሲኮርስኪ ኤስ-76 ቢ ባለ ሁለት ሞተር ነበር፣ ራሱን የሚያበርር መሣሪያም ነበረው፤ አብራሪው ራሱ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ ነበረው፣ ድርጅቱ ግን የተፈቀደለት በእይታ ለሚደረግ በረራ ብቻ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የኢራኑን ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ራይሲን ይዞ የወደቀው ቤል 212ም ባለ ሁለት ሞተር ነው። የአገሪቱ የምርመራ ሪፖርት በተራራማው አካባቢ በድንገት ወደ ላይ የወጣ ጥቅጥቅ ያለ ጉምን በምክንያትነት አቅርቧል፤ ስብርባሪው የተገኘውም በማግስቱ ነው። ወደ ጎረቤታችን ብንመጣ፣ የደቡብ ሱዳኑ መሪ ጆን ጋራንግ ሐምሌ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ከኡጋንዳ ሲመለሱ ሕይወታቸው ያለፈው በመጥፎ የአየር ጠባይ፣ በድንበሩ ተራሮች ላይ በወደቀ የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት ሄሊኮፕተር ነው።

ከፍታውንም አይርሱ። አዘዞ ራሱ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በ4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ጥግግቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩም የሚሽከረከረው ክንፍም አቅም ይቀንሳሉ። ነፋስ ገደሉን ተሻግሮ ወደ ታች በሚወርድበት በኩል የገባ ሄሊኮፕተር፣ ሙሉ ኃይሉን ተጠቅሞም ላይወጣ ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በዚህ ከፍታና በዚህ ክብደት ሄሊኮፕተሩ የሚቀረው ትርፍ ኃይል ስንት ነው? አብራሪው በተራራ ላይ የመብረር ልምድ አለው? ጉም ቢያጋጥም፣ መመለሻው ወይም ሜዳ ላይ ማረፊያው አስቀድሞ የት ተወስኗል? አፋጣኝ መልስ የሌለውን ድርጅት ቢተዉት ይሻላል።

መልስ፦ የደባርቅ ነዋሪ

እዚህ በክረምት ጠዋት ተራራው ጥርት ብሎ ይታይና፣ ረፋድ ላይ ጉሙ ከቆላው በገደሉ በኩል ሽቅብ ይነሣል። ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣም፣ አዘዞ ላይ ሆኖ ሰማይ ያየ ሰው አይገምተውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ፣ አንዳንዴም በረዶው ይከተላል። ለእናትየው ግን መፍትሔ አለ፤ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያም የፓርኩ መንገድ መኪናን እስከ ሳንቃ በርና ከዚያ አልፎ ያደርሳል። ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ከመኪና ሳይርቁ ማየት ይችላሉ።

ጠያቂ፦ የጎንደር አስጎብኚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለቤተሰቡ ሁለት አማራጭ ጽፌ ልኬያለሁ፦ ጉዞውን ወደ ጥቅምት ማዛወር፣ ወይም በነሐሴ በመኪና መሄድ። በሄሊኮፕተሩ ከጸኑ ደግሞ፣ አብራሪው በአየር ጠባይ ምክንያት በረራውን ቢሰርዝ ወይም ከመንገድ ቢመለስ ክፍያው በሙሉ እንዲመለስ በውሉ ላይ አስፍራለሁ፤ መኪናውም በዚያው ጠዋት ነዳጅ ሞልቶ አዘዞ ይቆማል።