አሮጌ የሚነዳ ሳር ማጨጃ፦ «ልጠግነው ወይስ ልጣለው?» ላልከው ወንድሜ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤቱ ጋር አብረህ የተረከብከውን ማሽን ፎቶ አየሁት። ከላይ «ጣለው፣ ራስ ምታት ነው» ያሉህ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ሰው አገር ሲኖሩ ኪስ የሚያራቁተው የባለሙያ እጅ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም፤ የነዚህ ማሽኖች መለዋወጫ ደግሞ እስከ ዛሬ በሽ ነው። ፎቶው ላይ እንደማየው ሞተሩ ባለ አንድ ፒስተን ነው፣ ዴኩ (ቢላዎቹን የሚሸፍነው የስር ላሜራ) ዝጓል፣ ወንበሩ ተቀዷል፣ የፊት ጎማዎቹ ተኝተዋል። ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን አንዱም የማይድን በሽታ አይደለም።

ብቻ ዕቃ ለመግዛት አትሩጥ። መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ፈልግ። አንደኛው የማሽኑ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወንበሩን ስታነሳ ከስሩ ይገኛል። ሁለተኛው የሞተሩ ነው። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የሚባለው ኩባንያ የሰራው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ ሞዴል፣ ታይፕና ኮድ የሚባሉ ቁጥሮች ተመትተው ታያለህ። ኮዱ የተሰራበትን ቀን ይነግርሃል። ለምሳሌ 95042711 ቢል እ.ኤ.አ. 1995፣ በአራተኛው ወር፣ በ27ኛው ቀን የተሰራ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የፋብሪካው ናቸው። በሞዴል ቁጥሩ ማኑዋሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ በነጻ ታወርዳለህ። ሞተሩ ቴኩምሴ የሚባለው ኩባንያ ስሪት ከሆነ ግን ትንሽ አስብበት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሞተር መስራቱን አቁሟል፣ ስለዚህ አንዳንዱን ዕቃ ከአሮጌ ላይ ነው የምትፈታው።

ቁጥሩን ካገኘህ በኋላ ካንዴላውን ፍታና ሞተሩን በእጅህ አዙረው። ከዞረ ነፍስ አለው። አልላወስ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ ጠብ አድርግበትና ለጥቂት ቀናት ተወው፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ወደፊትም ወደኋላም ሞክር። በጉልበት አትታገለው። ዘይቱንም እግረ መንገድህን እየው፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) መርፌ ሳይዘጋ ቀርቶ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ወርዷል ማለት ነው፣ በዚያ ዘይት እንዳታስነሳው።

አሁን ሰው ሁሉ ገንዘቡን የሚያቃጥልበት ቦታ ላይ ልምጣ። ቁልፉን ታዞራለህ፣ ሞተሩ ግማሽ ዙር ይሄድና ቀጥ ይላል። ደግመህ ትሞክራለህ፣ እዚያው። «ባትሪው ደክሟል» ይሉሃል። አዲስ ባትሪ ትገዛለህ፣ ያው ነው። ሞተሪኖ ትቀይራለህ፣ ያው ነው። ሶሌኖይድ (የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያሳልፈው ማብሪያ) ትቀይራለህ፣ አሁንም ያው። የላይ ቫልቭ ባላቸው ባለ አንድ ፒስተን ሞተሮች ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የቫልቩ ክፍተት ነው፣ ማለትም በቫልቩና እሱን በሚጫነው ክንድ (ሮከር) መሃል ያለው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ቫልቩን በጥቂቱ ገርበብ ታደርግና የታመቀውን አየር ታስተነፍሰዋለች፣ ሞተሪኖው እንዳይከብደው። ክፍተቱ በዕድሜ ብዛት ሲሰፋ ግን የጉብታዋ ግፊት ቫልቩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አየሩ መውጫ ያጣል፣ ሞተሪኖውም ይሸነፋል።

ማስተካከሉ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ስራ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የቫልቩን ክዳን ትፈታለህ። ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ምት ፒስተኑን እስከ ጫፍ ታደርስና ሩብ ኢንች ያህል ወደ ታች ታሳልፈዋለህ። ከዚያ ያቺን ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ በቫልቩና በሮከሩ መሃል እያስገባህ ዳዶውን ታስተካክላለህ። ቅጠሏ ስትጎተት ትንሽ መያዝ አለባት፣ ነጻ ሆና ከተንሸራተተች ገና ሰፊ ነው። በብዙዎቹ የብሪግስ ሞተሮች የመግቢያው ቫልቭ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች፣ የጭስ መውጫው ከ0.005 እስከ 0.007 ኢንች ነው። ያንተን ግን ከማኑዋሉ አረጋግጥ።

ይህን ስል ባትሪ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ገደማ ያሳያል። ጥሩ አሳይቶም ቁልፉን ስታዞር «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ የኔጌቲቩን ሽቦ ሻንሲው ላይ ከታሰረበት ፈትተህ ስሩን እየው። አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዝገት ተጋግሮበት ታገኘዋለህ። በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈትገህ መልሰህ እሰረው።

ቁልፉ ሲዞር ድምጽ የሚባል ነገር ከሌለ ደግሞ ሞተሩን ሳትነካ የደህንነት ስዊቾቹን ፈትሽ። አንዱ ወንበሩ ስር ነው፣ አንዱ ፍሬኑ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ቢላዎቹን የሚያስነሳው እጀታ ላይ። ከሶስቱ አንዱ ከተቋረጠ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ገና ከወንበሩ ከፍ ስትል ይጠፋል። «ሽቦውን አገናኝተህ ገላገል» የሚልህ ሰው አይጠፋም፣ እዚሁም አንድ ወንድም ጽፎታል። በፍጹም አይሆንም። ስዊቹ ርካሽ ነው፣ ቀይረው። ወንበሩ ስር ያለው ስዊች፣ ብትወድቅ ቢላው እላይህ ላይ እንዳይሄድ የተሰራ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ቤንዚኑን በሚመለከት አጭር ነው። የቆየውን በሙሉ አውጣ፣ ቱቦውንና ፊልትሮውን ቀይር፣ የካርቡራተሩን ታች ያለችውን ጽዋ ፈትተህ እይ። ታቹ ላይ ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ከረጋ ጀቷም (ቤንዚን የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ ያላት ክፍል) ተደፍናለች፤ በካርቡራተር ማጽጃና በቀጭን ሽቦ ቀዳዳዋን ሳታሰፋ ክፈታት። ከጽዋው ስር ሽቦ ያለው ሌላ ሶሌኖይድ (ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ) ካለ ቁልፉ ሲከፈት ጠቅ ማለት አለበት፣ ዝም ካለ ቤንዚን አያሳልፍም። ከ10 በመቶ በላይ ኤታኖል ያለበትን ቤንዚን እነዚህ ሞተሮች አይወዱትም። ካንዴላው አዲስ ይሁን፣ ክፍተቱ በአብዛኞቹ 0.030 ኢንች ነው። ስትሞክረው ደግሞ ጋራዡን በርግደህ ወይም ውጭ አውጥተህ ሞክር፣ ጭሱ በዝግ ቤት ሰው ይገድላል።

ከሁሉ የሚያደክመው ዴኩ ነው። ሞተር አስነስቶ፣ ዴኩን ላይ ላዩን ቀለም ቀብቶ «አድሼዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዴኩን አውርደህ ገልብጠው። ለማውረድ ማሽኑን ክሪክ ላይ ብቻ አንጠልጥለህ ስሩ አትግባ፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ የካንዴላውንም ሽቦ ንቀል። የዓመታት ሳር ከላሜራው ጋር ተጋግሮ ደንድኗል፣ ስሩ ግን ሁሌም እርጥብ ነው፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስትፍቀው ዝገቱ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል እየተላጠ ይወርዳል። ይሄ አያስደንግጥህ፣ ከስሩ ደህና ብረት ሊኖር ይችላል። ከዚያ ካቻቢቴ ይዘህ ወጋ ወጋ አድርገው፣ በተለይ የቢላዎቹ ዘንግ ቤቶች በታሰሩበት ዙሪያና ጥጋጥጉን። ብረት ብረት እያለ ከመለሰልህ ደህና ነው። እርጥብ ወረቀት እንደነካህ ከገባ ግን ቆርጠህ ሌላ ላሜራ መበየድ አለብህ፤ ጸረ ዝገት ቀለም ቀዳዳ አይሞላም። ስትበይድ ባትሪውን ንቀል፣ ዚንክ የተቀባ ላሜራም አትጠቀም፣ ጭሱ ያሳምማል።

ዝገቱን ከፋቅክ በኋላ የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ባለው ዝገት ማርከሻ ቀባው፣ ጥቁር ሲሆን ስራውን ሰርቷል፣ ከዚያ ቀለም። ትንንሽ ክፍሎችን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በኤሌክትሪክ ማጽዳት የምትሉ ሰዎች፣ ሃሳቡ ጥሩ ነው። ብቻ ከፖዘቲቩ ሽቦ ጋር የሚታሰረው ብረት ተራ ብረት ይሁን፣ ስቴንለስ ስቲል መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይለቃል።

የቢላውን ዘንግ በእጅህ አሽከርክረው። ከፈጨ ወይም ከተንገዳገደ ኩሽኔታው አልቋል። ቢላውን በሞረድ የድሮውን ማዕዘን ሳትለቅ ሳለው፣ ከዚያ መሃል ቀዳዳውን ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር አንጠልጥለው። አንዱ ጎን ከወረደ ያ ከብዷል፣ ከእሱ ትንሽ ቀንስ። ስትመልሰው የተጣጠፈው ክንፉ ወደ ላይ፣ ወደ ዴኩ ይሁን። ገልብጠህ ካሰርከው ሳሩን አጭዶ ሳይሆን ደብድቦ ነው የሚያስተኛልህ።

ወደ ማሻሻሉ ስንመጣ፣ «ፍጥነቱን መጨመር እፈልጋለሁ» ብለሃል። እዚህ ላይ ልከራከርህ ነው። የሞተሩ ጋቨርነር (ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ወደ 3600 ዙር ላይ ይገታዋል። ጋቨርነሩን ብታላላ ሁለት ነገር አብሮ ይሄዳል። አንደኛ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ ሊሰበርና የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ ቢላው የሚዞረው በዚያው ሞተር ነው። የአሜሪካው የደህንነት መስፈርት የቢላ ጫፍ ፍጥነት በደቂቃ ከ19,000 ጫማ እንዳይበልጥ ይላል፣ ይሄ በሰዓት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ሞተሩ ላይ ያለውን ፑሊ በትልቅ ስትቀይርም ቺንጋው የቢላውን ፍጥነት አብሮ እንዳይጨምረው ተጠንቀቅ። ፍሬኑና መሪውም ለእርምጃ ያህል ፍጥነት የተሰሩ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሳር ማጨጃ የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ፣ ግን መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ቢላውን ማውለቅ ነው። ወይ ማጨጃ ይሁን፣ ወይ መወዳደሪያ።

የሚጠቅሙ ማሻሻያዎች ሌሎች ናቸው። ከኋላ ጠንካራ ማያያዣ በየድ፣ ትንሽ ጋሪ ትጎትትበታለህ፤ ቅጠል፣ አፈር፣ እንጨት። በረዶ ባለበት አገር ከሆንክ ከፊት መግፊያ ምላጭ፣ ከኋላ የጎማ ሰንሰለትና ክብደት። መብራት ከፈለክ ኤልኢዲ አድርግ፣ ብዙዎቹ ሞተሮች ለባትሪው የሚሰጡት 3 አምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ ድሮ የነበሩት ትላልቅ አምፖሎች ባትሪውን ይጨርሱታል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የመብራቱ መስመር ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው፣ ኤልኢዲው ያርገበግባል፤ በፊውዝ አሳልፈህ ከባትሪው ውሰድ። ወንበሩንም ቀይረው፣ ወገብህ ያመሰግንሃል። ሞተሩ ጨርሶ ከሞተ በኤሌክትሪክ ሞተርና በሊቲየም ባትሪ የሚቀይሩት አሉ። ቆንጆ ስራ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መፍቻ ለሚይዝ ሰው አልመክርም።

እህታችን «ልጆቼን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ልንዳ?» ላልሽው፣ ቢላው ቢጠፋም አይሆንም እህቴ። ልጁ አንዴ ከለመደው በሌላ ቀን ማሽኑ ሲሰራ ሲሰማ ሮጦ ይመጣል፣ ወደኋላ ስትነጂ ደግሞ አይታይሽም።

ወንድሜ፣ የሁለቱን ቁጥሮች ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ የቫልቩን ልክ አብረን እናያለን። እስከዚያ ድረስ ግን ሞተሪኖ እንዳትገዛ።