የቆርኪ ጎማ ያለው ባቡራችን ኩርባ ላይ ከሀዲዱ ይወጣል፤ ምን እናድርግ?

የደምበጫው መምህር፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ደምበጫ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክበብ አስተባብራለሁ። ዘንድሮ ልጆቹ የመረጡት ከወዳደቀ የቤት ዕቃ ባቡር መሥራት ነው። ጎጃም ሀዲድ ስለሌለ አብዛኞቹ ባቡርን የሚያውቁት በቴሌቪዥንና በስልክ ነው። ስለዚህ በሐሳባቸው ያለውን ይሥሩ ብዬ ለቀቅኳቸው። ያወጡትን ብታዩት ደስ ይላችኋል። የባቡሩ ራስ ሆዱ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ጭስ ማውጫው የተሰበረ ጀበና አንገት ነው። አንዱ ፉርጎ ከአሮጌ ሰፌድ ቁራጭ የተሰፋ መሶብ ነው፤ ክዳኑ ይከፈታል። ሌላው የደንገል ታንኳ ነው። መጨረሻ ላይ የምትከተለው የሣር ክዳን ጎጆ ናት፤ በሯ ላይ ዶሮ ቆማለች።

ችግራችን አካሄዱ ነው። ሀዲዱን ከቀርከሃ ፍልጥ ክብ አድርገን ሠራነው፤ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ወርድ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማዎቹ በምስማር የተበሱ ቆርኪዎች ናቸው። በእጅ ሲገፋ ትንሽ ይሄድና ይወጣል፤ ረዘም ያለው የታንኳ ፉርጎ ደግሞ ጭራሽ አይታጠፍም። ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩ ላይ የቀባነው ቀለም እየተላጠ ነው። ሦስተኛ፣ የተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ አለንና ሞተሩን ልንጠቀምበት እንችላለን? የምታውቁ እርዱን።

ሽቦ ጠምዛዥ (ባሕር ዳር)፦

መምህር፣ ሀዲዱ ለምን አስፈለገ? እኛ ልጆች ሆነን ከጀሪካንና ከሽቦ መኪና ስንሠራ ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጠን ነበር የምናወጣው። ሰፋ ያለ የነጠላ ጫማ ጎማ ግጠሙለትና ሲሚንቶ ላይ በገመድ ይጎተት። አይወጣም፣ አይገለበጥም።

የከዚራ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)፦

ወንድሜ ሽቦ ጠምዛዥ፣ ለትንንሾቹ ልጆች ያልከው ጥሩ ነው። እነዚህ ግን ሀዲድ ዘርግተዋል፤ ሀዲድ ላይ የሚሄድ ነገር የራሱ ጥበብ አለውና ያንን ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው።

መምህር፣ ከመመለሴ በፊት ሦስት ነገር ንገረኝ። ቆርኪው ሽቦው ላይ ለብቻው ይሽከረከራል ወይስ ከሽቦው ጋር አብሮ ይዞራል? የቆርኪው ጥርስ የዞረው ወደ ውጪ ነው ወደ ውስጥ? የታንኳው ፉርጎ ርዝመት ስንት ነው፣ ጎማዎቹስ የት የት ናቸው?

የደምበጫው መምህር፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቆርኪዎቹ ለየብቻ ይሽከረከራሉ፤ ሽቦው ወለሉ ላይ ተጣብቋል። ጥርሱ ወደ ውጪ ነው፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ። የታንኳው ፉርጎ 24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጎማዎቹ ጫፍና ጫፉ ላይ ናቸው።

የከዚራ ልጅ፦

እንግዲያውስ ልጆቹ ከላይ የሠሩትን አንዱንም እንዳትነካ። ሥራው ያለው ከወለሉ በታች ነው።

የባቡር ጎማ እንደ ጋሪ ጎማ ለብቻው አይዞርም። ግራና ቀኙ ከዘንጉ ጋር ተቆልፈው ሦስቱ እንደ አንድ አካል ይዞራሉ። ባቡር ደግሞ መሪ የለውም። ኩርባ ላይ የውጪው ሀዲድ ከውስጠኛው ይረዝማል፤ ታዲያ ሁለቱ ጎማዎች እኩል እየዞሩ እንዴት የተለያየ ርቀት ይሄዳሉ? ጎማው ዙሪያው ጠፍጣፋ ስላልሆነ ነው። በውስጥ በኩል ወፈር ብሎ ወደ ውጪ እየቀጠነ ይሄዳል። በእውነተኛው ጎማ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ናት፣ በተለመደው አሠራር በ20 ሚሊ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር ያህል። ኩርባ ሲመጣ ዘንጉ ወደ ውጪ ሸርተት ይላል፤ የውጪው ጎማ በወፍራሙ፣ የውስጡ በቀጭኑ ወገን ይረግጣል። በአንድ ዙር የውጪው የበለጠ ርቀት ይሄድና ዘንጉ ራሱን ያዞራል። ከጎማው ዳር ያለው ከንፈር የመጨረሻ መከላከያ ነው። ብዙ ሰው ባቡሩን የሚይዘው እሱ ብቻ ይመስለዋል።

አሁን አንድ ቆርኪ አንሣና በጎኑ እየው። 21 ጥርስ አለው። በጥርሱ በኩል ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ጽሑፉ ባለበት በኩል ደግሞ ከዚያ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብባል። ይህ ማለት የባቡር ጎማ ቅርጽ ድሮም አለው፤ ሾጣጣነቱም ከንፈሩም። አንተ ጋ የተገጠመው ተገልብጦ ነው፤ ለዚህ ነው በተገፋ ቁጥር የሚሸሸው። ጥርሱን ወደ ሀዲዶቹ መሃል፣ ጽሑፉን ወደ ውጪ አዙረው።

የቆርኪውን ሆድ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በተቆረጠ ክብ ሙላውና በኮላ አጣብቀው። ዘንጉ ከብስክሌት ቸርኬ የወጣ ቀጥ ያለ ሽቦ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጫማው ሥጋ ውስጥ በኃይል ሲገባ ጨምቆ ይይዘዋል። ሽቦው ራሱ የሚዞረው ከካርቶን ጁስ ላይ በሚገኘው ቀጭን ስትሮ ውስጥ ይሁን፤ ወለሉ ላይ የሚጣበቀው ስትሮው ነው። ቀዳዳው መሃል ላይ ካልሆነ ጎማው ያነክሳልና ቆርኪውን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ሣሉ፣ ክቡን ቁረጡት፣ ሁለት ጊዜ እጠፉት። እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው።

ለታንኳው ቦጊ ያስፈልገዋል። ረጅም ፉርጎ ጫፍና ጫፉ ላይ በተቸነከረ ዘንግ ኩርባ አይገባም፤ ሁለቱም ዘንጎች ወደ ኩርባው መሃል መዞር ሲገባቸው ትይዩ ሆነው ይቀራሉ። ቦጊ ማለት ሁለት ዘንግ ያላት ትንሽ ጋሪ ናት። የሁለቱ ዘንጎች ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለት ቦጊ ሠርታችሁ ከታንኳው ሥር አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ በአንድ በአንድ ምስማር ብቻ ያዟቸው፤ በመሃል የሸሚዝ ቁልፍ አስገቡ፣ በነፃነት እንዲዞሩ። አጫጭሮቹ ፉርጎዎች ግን ሁለቱ ዘንጎቻቸው ቀረብ ካሉ ያለ ቦጊም ይሄዳሉ።

ደግሞ 45 ሚሊ ሜትር ማለትህ ደስ ብሎኛል። ፈረንሳዮች የዘረጉት የድሮው የጅቡቲ መስመር፣ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. የገባው ማለቴ ነው፣ የሀዲዱ ወርድ ልክ 1 ሜትር ነበር። 1 ሜትር ለ45 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 22 ከምናምን ይመጣል፤ 1 ለ22.5 ደግሞ በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ልኬት ነው። በዚህ ልኬት 1 ሜትር ከ65 የሚሆን ሰው 7 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል። አዲሱን የጅቡቲ መስመር ወይም የአዲስ አበባውን የከተማ ባቡር ከፈለጋችሁ ወርዱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ልኬቱ ወደ 1 ለ32 ይሄዳል፤ ያው ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሩ ላይ የቆመችውን ዶሮ እንደፈለጋችሁ አግዝፏት።

የአዊ ቀርከሃ ሠሪ (እንጅባራ)፦

ሀዲዱን በሚመለከት እኔ ልጨምር። ቀርከሃው እርጥብ ሳለ ተሰንጥቆ ከሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ወርዱም ይለዋወጣል። ጥላ ውስጥ በደንብ የደረቀ ይሁን። ለማጉበጥ በጉልበት አትታገሉት፤ ፍም ላይ በዝግታ እያዞራችሁ አሙቁት፣ ሲለሰልስ ጎበጥ አድርጋችሁ እስኪቀዘቅዝ ያዙት። ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ጠንካራው የውጪ ቆዳ ከላይ ሆኖ ጎማው እሱን ይርገጥ።

ወርዱን በማስመሪያ አትለኩ። ከወፍራም ካርቶን መለኪያ ቁረጡና በሁለቱ ሀዲዶች መሃል እያስገባችሁ ዙሩ፤ የጠበበም የሰፋም ቦታ ወዲያው ይታወቃል። ኩርባው ላይ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሰፋ ይበል። ትልቁ ሀዲድም ጠባብ ኩርባ ላይ እንዲሁ ይሰፋል።

እናት ከማርቆስ፦

ቀለሙን በተመለከተ፣ የዘይት ጀሪካንና የሻምፑ ጠርሙስ ቀለም አይቀበሉም፤ ገጻቸው ቅባታማ ነው። መጀመሪያ በአመድና በሳሙና ይታጠቡ። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጉ፣ አንጸባራቂነታቸው እስኪጠፋ። ከዚያም ቀለሙን ፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን በላዩ በሚለጠፍ ነገር ላይ ቀቡት። ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ሙጫ አድርጉ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ወይም ያረጀ ነጠላ እየነከራችሁ ሁለት ሦስት ድርብ ልበጡት። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕልም ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው፤ ልጆቹን አንድ ቀን ብትወስዷቸው በዓይናቸው ያያሉ። ሲደርቅ የፈለጋችሁትን ቀለም ይይዛል። እኔ ለቢጫ እርድ፣ ለጥቁር የከሰል ዱቄት፣ ለቡናማ ቀይ አፈር በኮላ እየለወስኩ እጠቀማለሁ።

አደራ የምለው፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ታጥቧል ተብሎም ቢሆን ልጆች እጅ አታስገቡ። የጣሳው አፍ እጅ ይቆርጣልና በፒንሳ ወደ ውስጥ አጥፉት፣ በመዶሻ ተኛ አድርጉት። ያረጀ የባትሪ ድንጋይ ተፈልፍሎ ከሰሉ ለቀለም እንዳይወጣ፤ ልጆች ይህን ይወዳሉ።

ለመስኮት ያረጀ የራጅ ፊልም እጅግ ያምራል።

ሬዲዮ ጠጋኝ (ቡሬ)፦

ዲቪዲ ማጫወቻውን ራስህ ክፈተው፣ ልጆቹ አይክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ ካፓሲተር የኃይል ሰሌዳው ላይ አለ። ሰሌዳውን አውጥተህ ለብቻው አስቀምጥ፤ 220 ቮልት ያለው ነገር ከዚህ ሥራ አይግባ።

የምትፈልገው ሲዲውን የሚያዞረውን ሞተር አይደለም። ትሪውን የሚያወጣውንና የሚያስገባውን ፈልግ፤ የላስቲክ ቀበቶና የፕላስቲክ ጥርሶች ያሉት ነው። ከነጥርሶቹ ነቅለህ ውሰደው፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነውና። ሁለት የባትሪ ድንጋይ 3 ቮልት ይሰጡሃል፤ በዚያ ይሄዳል። ድንጋዮቹን ከሚነዳው ዘንግ በላይ አስቀምጥ፣ ክብደት ካልተጫነው ቆርኪው ቀርከሃ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይገፋም። በሚነዱት ሁለት ቆርኪዎች ላይ ከብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ቀለበት ቆርጠህ አልብሳቸው።

ፉርጎዎቹ ላይም ወለሉ ሥር ጠጠር ወይም ብሎን አጣብቅ። ከባዱ ከፊት፣ ቀላሉ ከኋላ ይሁን። በከባዶች መሃል የገባ ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ተስቦ ይወድቃል። ማያያዣው የላላ ሽቦ ቀለበት ይሁን፣ ጠንካራ እንጨት አይሁን።

የደምበጫው መምህር፦

ሁላችሁንም ያክብርልኝ። ቆርኪውን ገልብጠን፣ ከዘንጉ ጋር ቆልፈን ገጠምን፤ ባቡሩ ዙሩን ጨረሰ! ታንኳው በቦጊው ላይ ሲታጠፍ ልጆቹ ሆ ብለው ጨፈሩ። አንዲት ልጅ ተንበርክካ ጎማውን ብቻ ስታይ ቆየችና «መምህር፣ ይኸው ሸርተት አለ!» ብላ ጠራችኝ። ጋሼ የነገሩኝን ከመንገሬ በፊት ነው ያየችው። ቀለሙ ጋዜጣው ላይ ይዟል። ሞተሩን ገና አልገጠምነውም።

አሁን የመጣው ጥያቄ ድልድይ ነው። ባቡሩ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ጎጃም መግባት አለበት ብለዋል፤ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወረድ ያለውን ባለ ገመዱን ድልድይ ነው የሚፈልጉት። ሀዲዱን ወደ ላይ እናንሣው ወይ?

የከዚራ ልጅ፦

ጎበዝ ልጅ ናት፤ ቦጊውን ሌሎቹን እሷ ታሠራቸው።

ሀዲዱን አታንሡት። ባቡር ዳገት አይወድም፤ ለእንዲህ ያለ ቀላል ባቡር በ1 ሜትር ርዝመት 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከበቂ በላይ ነው። በዚያ ሒሳብ 15 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 5 ሜትር መንገድ ያስፈልጋችኋል፣ ለመውረድ ሌላ 5። ይልቅ በረሃውን አውርዱት። ክቡን ለሁለት ቁረጡና ሁለቱን ግማሾች በሁለት ጠረጴዛ ላይ አራርቃችሁ አስቀምጡ፤ በመሃል በሁለቱም ወገን ቀጥ ያለ ሀዲድ ይግባ። ቅርጹ ሞላላ ይሆናል፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል ያለው ክፍተት እስከ ወለሉ ድረስ በረሃ ነው። ዓባይን ወለሉ ላይ ከቀይ አፈርና ከላስቲክ ሥሩት።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። በእናንተ ልኬት ከ13 ሜትር ስለሚበልጥ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር አድርጉትና ቅርጹን ብቻ ያዙ።

የአዊ ቀርከሃ ሠሪ፦

ለድልድዩ ወለል ሁለት ያልተሰነጠቀ ቀጭን ቀርከሃ ጎን ለጎን አጋድሙ፤ አንጓ አንጓው ስላለው ለዚህ ርዝመት አይጎብጥም። ምሰሶዎቹን ከዚያው ቀርከሃ አቁሙ። ለገመዱ የማዳበሪያ ከረጢት ፍቱ፣ ክሩ ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም። ክሩን ስትወጥሩ ግን ድልድዩ ባዶውን አይሁን፤ ባቡሩን ከነሙሉ ጭነቱ መሃል ላይ አቁማችሁ፣ ወለሉ ቀጥ እስኪል ከግራና ከቀኝ እኩል እየሳባችሁ ቋጥሩ።