አልፍሬድ ኸርበርት የት ገባ?

ቶርኖ ወዳጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ወርክሾፓችን ውስጥ አንድ አሮጌ ካፕስታን ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) አለ፤ ሰሌዳው ላይ «አልፍሬድ ኸርበርት፣ ኮቨንትሪ» ይላል። ዛሬም ሥራ አያጓድልም። ድርጅቱ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የማሽን አምራቾች አንዱ እንደነበር አነበብኩ፤ አሁን ግን የለም። እንዲህ ያለ ማሽን የሚሠራ ፋብሪካ እንዴት ይጠፋል? የምታውቁ እስቲ ጻፉልኝ።

ብረት ለብረት
ወንድሜ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከብስክሌት ነው። ኸርበርት በ1866 እ.ኤ.አ. የተወለደ ሰው ነው። ኮቨንትሪ ላይ ከአንድ ሸሪክ ጋር አነስተኛ ወርክሾፕ ሲይዝ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ያኔ ከተማዋ የእንግሊዝ ብስክሌት መናኸሪያ ናት። ብስክሌት ደግሞ አንዱ ከሌላው የማይለይ ትንንሽ ዕቃ በሺህ የሚፈልግ ነገር ነው፤ የጎማ መሃል፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቤት፣ ምን የሌለው አለ፤ ይህን ሁሉ ባለሙያ ቶርኖ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ እየለካ ያውጣ ቢባል ዋጋው አይቀመስም። ኸርበርት የሠራው ለዚህ የሚሆን ማሽን ነው። በ1894 ድርጅቱ በእሱ ስም ብቻ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ነገር፣ የራሱን ማሽን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም፣ በተለይ የአሜሪካኖቹን፣ እያስመጣ ይሸጥ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የአገሪቱን የማሽን አቅርቦት እንዲቆጣጠር ሾመው፤ የመድፍ ጥይትና ማፈንጃው ፊውዝ ያለ ቶርኖ አይወጣማ።

ስድስት ቢላ
እኔ ስለ ማሽኑ ልጨምር፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባለ ስድስት ጎኑን ራስ እየው፤ በየጎኑ አንድ መሣሪያ ይታሰራል፦ መብሻ፣ ማስፊያ፣ ጥርስ ማውጫ። መዘውሩን ወደ ኋላ ስትስበው ራሱ ዞሮ ቀጣዩን መሣሪያ ያቀርብልሃል። ወደ ፊት ስትገፋው ደግሞ እስቶፑ (ማቆሚያው) ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ስለዚህ ልኩን የሚጠብቀው ሠራተኛው ሳይሆን ማሽኑ ነው። ባለሙያው ጠዋት አስተካክሎ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት የሠለጠነ ሰው ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል። በጦርነቱ ከዚያ በፊት ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ሴቶች ገብተው ያን ሁሉ ያመረቱት በዚህ ዓይነት ማሽን ነው። የኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ብረቱ እየተቆረጠ እያለ ቀጣዩን ፍጥነት አስቀድመህ ትመርጣለህ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማስገባት ብቻ ነው። ይህችን ነገር እኔ በጣም ነው የምወዳት።

ቶርኖ ወዳጅ
እናመሰግናለን! የኛው ላይም ያ የፍጥነት መምረጫ አለ፣ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ግን መውደቁስ? አንዳንዱ የሠራተኛ ማኅበራት አድማ ነው የገደለው ይላል።

ብረት ለብረት
አድማው ነው ማለት አይዋጥልኝም። የማሽን ንግድ ራሱ ክፉ ነው። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ፋብሪካዎች መጀመሪያ የሚያቆሙት ማሽን መግዛት ነው። ሲሞቅ ሁሉም በአንዴ ያዛል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ ወረፋ የሰለቸው ደንበኛ ወደ ጀርመን ወይ ጃፓን ይዞራል፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። ኸርበርት ራሱ በ1957 ሞተ። ተተኪዎቹ በ1960ዎቹ ሌሎች ድርጅቶችን እየገዙ ሰፉ፣ በ1966 ቢኤስኤ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ የማሽን ክፍል ጠቀለሉ። እዚያው እንግሊዝ፣ ዳቬንትሪ ላይ፣ ከአሜሪካው ኩባንያ ኢንገርሶል ጋር የከፈቱት አዲስ ፋብሪካ ግን ብዙ ገንዘብ በልቶ ከሰረ። በ1975 መንግሥት እጁን አስገብቶ አዳነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን አከተመ።

ስድስት ቢላ
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ዋናውን ዘለልከው። ካፕስታን የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ስታወጣ ነው፤ ሥራ በተቀየረ ቁጥር መሣሪያውንም እስቶፑንም እንደ አዲስ ማሰር አለብህ። ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን፣ ሲመጣ ያ ሁሉ ማስተካከል ፕሮግራም መቀየር ብቻ ሆነ። ድርጅቱም በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን ሞክሯል፣ ግን ስሙም ገበያውም የቆመው በአሮጌው ላይ ነበር። እንደኔ የገደለው ይኼ ነው። ሰሌዳው ላይ የምታየው ስም ግን ኮቨንትሪ ውስጥ አሁንም አለ፤ ኸርበርት ገንዘብ የሰጠለት የከተማዋ ሙዚየም በስሙ ይጠራል፣ የተከፈተው እሱ ከሞተ በኋላ በ1960 ነው።
ለማንኛውም ወዳጄ፣ ማሽኑን አትሽጠው። ተንሸራታቹን ዘይት አጠጣው፣ ባለ ስድስት ጎኑ ራስ ሲዞር ጨዋታ (መላላት) እንዳለው እየው፤ ካለው የመቆለፊያው ፒን ተበልቷል ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ እዚያው ቶርኖ ላይ ትሠራዋለህ።