ልብስ ማጠቢያው ሳይጨምቅ ይቆማል፤ እውነት ቦርዱ ነው?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ፊት ለፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚይዝ ነው። ያጥባል፣ ያለቀልቃል፤ መጭመቅ ላይ ሲደርስ ከበሮው ወዲያ ወዲህ ይልና ይቆማል። «9 ደቂቃ ቀረ» እንዳለ ያድራል። አንድ ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ተቃጥሏል» ብሎ የማሽኑን ግማሽ የሚጠጋ ዋጋ ጠየቀን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። ጋቢዋ እስካሁን ውስጡ ናት፤ እናቴም «በእጄ ባጠብኩት ይሻል ነበር» እያለች ነው።

ከወልዲያ፦ የእኔም እንዲሁ ነበር። ቦርድ ተቀየረና ሠራ። ጊዜ አታጥፊ።

የጥገና ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ቦርዱን ለጊዜው ተዪው። ማሽኑ ውሃ ማስገባቱን፣ ማጠቡንና ማለቅለቁን ካልተሳሳተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌላ ነው። ሲቆም በመስታወቱ በኩል ውሃ ይታያል? ውሃ ካለ ችግሩ ማስወጫው ላይ ነው። ውሃው ወጥቶ ልብሱ ብቻ ከራሰ ግን ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሄዷል ማለት ነው።

ጠያቂ፦ ውሃ አለ።

የጥገና ባለሙያ፦ እንግዲያው ሶኬቱን ንቀይ። ከፊት ለፊት፣ ከታች ጥግ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ ከኋላዋ የፓምፑ ማጣሪያ አለ። ሳፋ አስጠግተሽ፣ ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቀሽ ቀስ እያልሽ ፍቺው። በአንድ ጊዜ ከነቀልሽው ወለሉ ይጥለቀለቃል። የፍሳሽ ጎማውም እንዳልታጠፈ እዪ።

ጠያቂ፦ ጉድ ነው! ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ስሙኒና እንደ ገመድ የተጠቀለለ የጋቢ ክር ወጣ። አሁን ውሃውን አስወጥቶ ይጨርሳል፤ ጋቢዋን ግን አሁንም አልጨምቅም አለ።

የጥገና ባለሙያ፦ ይህ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ጋቢ ብቻውን ሲገባ ውሃ ይጠጣና በአንድ በኩል ይከመራል። ማሽኑ ሚዛኑ እንደተዛባ ሲያውቅ ደጋግሞ ሊበትነው ይሞክራል፤ ካልተሳካለት ራሱን ለማዳን ይተወዋል። አውጥተሽ ዘርጊው፤ ከሁለት ፎጣ ጋር መልሰሽ አስገቢና መጭመቂያውን ብቻ አስነሺ።

ከሐይቅ፦ ባና ግን እንዳታስገቢ፤ የሱፍ ነገር በሙቅ ውሃና በሽክርክሪት ተኮማትሮ ይቀራል። አንድ ነገር ልጨምር። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ በየሜትሩ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። ማሽኑ 0.5 ባር የሚፈልግ ከሆነ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ውሃ መሙላት ላይ ይቆማል፤ ያኔም «ቦርድ ነው» የሚል አይጠፋም። መብራቱም እንደዚያው ነው፦ ከ220 ቮልት ወደ 170 ከወረደ ማሞቂያው የሚሰጠው ኃይል ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ በ60 ዲግሪ ማጠብ እጅግ ይረዝማል። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ።

ጠያቂ፦ ከፎጣዎቹ ጋር ተጨመቀች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃው ግን ከሮቶው ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ መግቢያው ላይም ማጣሪያ አለ?

የጥገና ባለሙያ፦ አለ። ውሃውን ዘግተሽ ከጀርባ ያለውን የመግቢያ ጎማ ፍቺ፤ ጎማው የሚታሰርበት አፍ ውስጥ ወንፊት ታገኛለሽ። በፒንሳ ቀስ ብለሽ ሳቢና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው። ስትመልሺው የጎማዋን ቀለበት እንዳትረሺ፤ ያለ እሷ ያፈሳል።