በሥራ ላይ ጉዳት የሕክምና ወጪ፦ ለኅብረት ስምምነት ድርድር የሚቀርብ ረቂቅ

ፀሐፊ፦ የሠራተኛ ማኅበራችን የሚያቀርበው አንቀጽ ይህ ነው። «በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ሆስፒታል ሲገባ ማስያዣውንና የመድኃኒቱን ወጪ ድርጅቱ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይከፍላል።» የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከቀዶ ጥገና እስከ ሰው ሠራሽ አካል ያለውን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ገንዘቡ ግን በሰዓቱ አይገኝም።

ከፕሬስ ክፍል፦ ጣቶቹን ማሽን የጨፈለቀበት ባልደረባችን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍለት፣ ማስያዣውን ያዋጣነው እኛ ፈረቃ ሲቀየር በር ላይ ቆመን ነው። ደግሞስ ስፌቱ እስኪፈታ የተመላለሰበት የባጃጅ ሂሳብ ለምን አልተጻፈም?

ገንዘብ ያዥ፦ ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ከገባ ረቂቁን በሙሉ ይጥሉብናል።

ከጥገና ክፍል፦ ታዲያ የተጎዳ ሰው በእግሩ ይሂድ? ተጎጂውን በተስማሚ መጓጓዣ ወደ ሕክምና ማድረስ በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ያ አደጋው ለደረሰበት ዕለት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ክትትሉ ነው። በእግሩ ይሂድ አላልኩም፤ ቃሉን አንሱልኝ። ለአንድ ጉዞ ቁርጥ ተመን ይጻፍ።

ከፕሬስ ክፍል፦ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ተመኑ ባዶ ይቀራል።

ከጥገና ክፍል፦ ቃሉን አንስቻለሁ። ተመኑ ይቅርና ድርጅቱ ሰርቪስ ይመድብ።

የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ፦ በባጃጅ ስንከራከር ትልቁ ገንዘብ እያመለጠን ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ጉዳቱን በሕመም ፈቃድ ስለሚመዘግበው ደመወዙ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በግማሽ ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ጉዳትነት ቢመዘገብ ግን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያም ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈል ነበር። የአደጋው ሪፖርት ቅጂ በዕለቱ ለማኅበሩ እንዲሰጥ ይጻፍ። የተጎጂዎቹን ወረቀት ልሰብስብ ብሎ እጁን ያወጣው አባልስ የት ገባ? ስልኩንም አያነሳም።

ከጥገና ክፍል፦ የሪፖርቱ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ሰርቪሱ ለማታ ፈረቃም ይጨምር፤ ከሌሊት ወጥቶ በጨለማ የሚሄደውም ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ፀሐፊ፦ እንግዲህ የመጀመሪያው አንቀጽ ለክትትል ሕክምናና ለማታ ፈረቃ ሰርቪስ እንዲመደብ ይጠይቃል፤ ማስያዣውን ድርጅቱ «በተቻለ መጠን» ይከፍላል የሚለው ሁለተኛ ሆኗል፤ የሪፖርቱ ቅጂ ለቀጣዩ ድርድር ተላልፏል።

ከፕሬስ ክፍል፦ «በተቻለ መጠን» የሚለው ካልወጣ እኔ አልፈርምም።