የተዘጋው የሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ የትግል ቡድን፦ ከአትሌቶቹ እነማን ሊታወሱ ይገባል?

ጥያቄ፣ ከሲራክዩስ ነዋሪ

የተከበራችሁ የስፖርት ወዳጆች፣ የምኖረው በኒው ዮርክ ግዛት በሲራክዩስ ከተማ ሲሆን፣ ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የትግል ቡድን ውስጥ ይወዳደራል። ትግል በዚህ አካባቢ በጣም የሚወደድ ስፖርት ሆኖ ሳለ፣ ከተማዋን የሚያስጠራት ዩኒቨርሲቲ ግን እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የትግል ቡድን የለውም። ልጄ ለትምህርት ቤቱ ስለዚህ ቡድን አጭር ጽሑፍ ማዘጋጀት ስለፈለገ፣ ከቀድሞዎቹ ታጋዮች መካከል በቅድሚያ ሊጠቀሱ የሚገባቸው እነማን እንደሆኑና ቡድኑ ለምን እንደተዘጋ የምታውቁ ብታስረዱን ከልብ እናመሰግናለን።

መልስ፣ ከአንድ የትግል አፍቃሪ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። በእኔ አስተያየት ጽሑፉ መጀመር ያለበት በጂን ሚልስ ነው። ሚልስ የሚወዳደረው በ118 ፓውንድ፣ ማለትም 53 ኪሎ ተኩል ገደማ በሆነ ክብደት ሲሆን፣ በአሰልጣኝ ኤድ ካርሊን ሥር ሆኖ በ1979 እና በ1981 የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1981 ፕሪንስተን ላይ በተካሄደው ውድድርም የውድድሩ ምርጥ ታጋይ ተብሎ ተመርጧል።

ይሁን እንጂ ያዩት ሰዎች አብዝተው የሚያወሱት አሸናነፉን ነው። ብዙ ታጋዮች በነጥብ ከመሩ በኋላ ጥንቃቄን ይመርጣሉ፤ ሚልስ ግን ተጋጣሚውን በጀርባው አስተኝቶ ግጥሚያውን ከሰዓቱ በፊት ካልጨረሰ የሚረካ አልነበረም። በኮሌጅ ትግል የተጋጣሚን ሁለት የትከሻ አጥንቶች ለአንድ ሰከንድ ከምንጣፉ ጋር አጣብቆ መያዝ ለማሸነፍ ይበቃል። ሚልስ የታወቀው ከኋላ ሆኖ እጁን በተጋጣሚው ብብት ሥር አሾልኮ፣ በዚያው እጅ ማጅራቱን ወደ ታች ተጭኖ፣ ጭንቅላቱ ሲጎነበስ ገላውን ተከትሎ በሚገለብጥበት አያያዝ ነው። ልጅዎ ይህን አያያዝ በልምምድ ሳያውቀው አይቀርም፤ ብዙ ወጣቶች የሚጀምሩት በእሱ ነውና።

በ1980 ሚልስ የሶቪየት ታጋዮች በገዛ ሜዳቸው በሚፋለሙበት በትብሊሲው ውድድር አሸንፎ፣ ለሞስኮ ኦሎምፒክ በአሜሪካ ቡድን ውስጥ ቦታ ይዞ ነበር። ሆኖም ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን በመውረሯ አሜሪካ በጨዋታዎቹ እንደማትሳተፍ ስታስታውቅ፣ ያ ሁሉ ዝግጅት ያለ ውድድር ቀረ። እኛ ያንን ኦሎምፒክ የምናስታውሰው ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ባገኛቸው ሁለት ወርቆች ነው። ምሩጽም ቢሆን ከአራት ዓመት በፊት፣ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ራሳቸውን ሲያገልሉ፣ ሳይሮጥ ቀርቶ ነበር። ለእሱ ሁለተኛ ዕድል መጣለት፤ ሚልስ ግን በኦሎምፒክ መድረክ አንድም ግጥሚያ አላደረገም። ይህንን ሳስብ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

መልስ፣ ከስፖርት ታሪክ አንባቢ፣ ሜሪላንድ

ስለ ሚልስ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ጽሑፉ ከእሱ ሃያ ዓመት ቀድሞ ቢጀምር እመርጣለሁ። አርት ቤከር በ1959 በ191 ፓውንድ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ጥቁር አሜሪካዊ የኮሌጅ ትግል ሻምፒዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ገና በ1957፣ የአዮዋው ሳይመን ሮበርትስ ባሸነፈ ጊዜ እንደነበር ካስታወስን፣ የቤከር ድል ምን ያህል ክብደት እንደነበረው መገመት አያዳግትም። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን በሆነው የሲራክዩስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ ከዝነኛው ተጫዋች ከኧርኒ ዴቪስ ጋር ተሰልፎ ተጫውቷል።

ከእሱ ቀጥሎ ጂም ናንስ መጣ። በ1963 እና በ1965 የከባድ ሚዛን ብሔራዊ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በኋላ የአሜሪካ እግር ኳስ ፕሮፌሽናል ቡድን ወደሆነው ቦስተን ፓትሪየትስ ሄዶ በ1966 ኳስ ይዞ 1,458 ያርድ በመሮጥ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ዛሬ ስሙ ሲነሳ የሚነገረው ይህ የኳስ ታሪኩ ብቻ ነው። የትግል ቡድኑ ባይዘጋ ኖሮ በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ስሙን እየጠራ የሚያስተዋውቃቸው አሰልጣኝ ይኖር ነበር፤ አሁን ግን ያንን የሚያደርግ የለም።

መልስ፣ ከቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሠራተኛ

አዘጋጉን በሚመለከት ጥቂት ልጨምር። በ1972 የወጣው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የትምህርት ተቋማት ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ዕድል እንዲሰጡ ያስገድዳል። በ1995 የሲራክዩስ ሴት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች በቂ ቡድን የለውም በማለት ከሰሱ። ዩኒቨርሲቲው በቀጣዮቹ ዓመታት የሴቶች እግር ኳስ፣ ላክሮስና ሶፍትቦል ቡድኖችን ያቋቋመ ሲሆን፣ በ1997 ደግሞ የወንዶች ጂምናስቲክና የትግል ቡድኖቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ብዙዎች ጥፋቱን በሕጉና በሴቶቹ ላይ ይጥላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ተማሪዎቹ የጠየቁት የሚገባቸውን ነው። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ እግር ኳስ እስከ 85 ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ፣ ለትግል የተፈቀደው ጣሪያ 9.9 ብቻ ነበር። እኩልነቱን ከትልቁ በጀት ላይ በመቀነስ ማምጣት ይቻል ነበር፤ የተቆረጠው ግን ገቢ የማያስገባውና ተከራካሪ ያልነበረው ነው።

ልጅዎ ስለ ሻምፒዮኖቹ ከጻፈ በኋላ፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ታጋዮችም እንዲያነሳ አደራ እላለሁ። ውሳኔው ከተነገረበት ከ1997 ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ፣ የሚተካቸው ሰው እንደማይመጣ እያወቁ ክብደታቸውን ጠብቀው፣ ልምምዳቸውን ሳያጓድሉ የተጋጠሙ ተማሪዎች ነበሩ። ቡድኑ ይወዳደርበት የነበረው የምሥራቅ ኮሌጆች የትግል ማኅበር ዛሬም አለ፤ የእነዚህን ወጣቶች ውጤት መፈለግ የሚቻለው ከእሱ መዛግብትና ከከተማው ጋዜጣ የቆዩ እትሞች ነው።